የአባታችን ሞተር

ስለ ሞተሩ የተጠራው አራተኛው የቤተሰብ ስብሰባ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋራዡ ውስጥ ተካሄደ። ያለፉት ሦስት ስብሰባዎች ያፈሩት ፍሬ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ይኸው አራተኛው ስብሰባ ነው።

ሹፌሩ እንደ ልማዱ ከጭነት መኪናው የፊት ጎማ አጠገብ ቆሟል። መኪናውን የሚነዳው እሱ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ከድንጋይ ካባው ጠጠር ጭኖ ቁልቁለቱን የሚወርደው እሱ፣ ቤቱ ሲገባ ልብሱ ጭስ ጭስ የሚሸተው እሱ፣ መኪናው ገደል ቢገባ አብሮ የሚገባውም እሱ ነው። ድምፅ ግን የለውም። መኪናው የሟቹ አማቱ ነበር፤ አሁን የሦስት ልጆቻቸው የጋራ ንብረት ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ገና አፉን ሊከፍት ሲል ታላቁ ልጅ እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ልጄ፣ አማች እንግዳ ነው። እንግዳ ይከበራል እንጂ አይጠየቅም» ብለው አክብረው ዝም አሰኝተውታል።

እኚህን ታላቅ ልጅ ቤተሰቡ «ጋሼ» ይላቸዋል። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆነው ጡረታ ወጥተዋል። ትምህርት ቤቱ ከእጃቸው ወጣ እንጂ ደወሉ ከጆሯቸው አልወጣም፤ ሦስት ሰው አንድ ላይ ቆሞ ካዩ ሰልፍ ይመስላቸዋል፣ ተቀምጦ ካዩ ደግሞ ጉባኤ። ወደ ጋራዡ የሚመጡት ቃለ ጉባኤ የሚጻፍበትን መዝገብ በብብታቸው፣ ሁለት እስክሪብቶ በደረት ኪሳቸው ይዘው ነው። መቀመጫቸውም የታወቀ ነው። ከግድግዳው ሥር አንድ ትልቅ ብረት አለ፤ በላዩ ሳንቃ፣ በሳንቃው ላይ ጆንያ ተነጥፎበታል። በጋራዡ ውስጥ ግራሶ የማይነካው መቀመጫ እሱ ብቻ ስለሆነ ለእሳቸው ተለቋል። ሌላው ሰው አሮጌ ጎማ ላይ ይቀመጣል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉ ጋሼ መዝገባቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው። አራቱንም ስብሰባ የከፈቱት በዚሁ ተረት ነው። «ጥያቄው አንድ ነው። የአባባ ሞተር ይጠገን ወይስ ይቀየር? የእኔ አቋም ይታወቃል። ያ ሞተር አባባ ራሳቸው ናቸው። አባት አረጀ ተብሎ ደግሞ በሌላ አባት አይቀየርም።»

«አባባ እኮ ሞተዋል ጋሼ» አለ ትንሹ።

«ሞተራቸው ግን አልሞተም!»

ትንሹ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነው። ዕድሜው አርባ ሦስት ደርሷል፤ ስሙ ግን አላደገም። ሥራው የመኪና መለዋወጫ ንግድ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ከተጋጩና ከተገለበጡ መኪኖች የወረዱ ሰባት ሞተሮች ተደርድረዋል። እሱን ካመኑት ሰባቱም ገና ጡት ያልጣሉ ናቸው።

«እኔ ለቤተሰቤ ስል» አለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «አንዱን አውጥቼ እሰጣችኋለሁ።»

«ትሰጠናለህ ወይስ ትሸጥልናለህ?» አለች እህቱ።

«ያው… በቤተሰብ ዋጋ።»

«የቤተሰብ ዋጋህንማ ባለፈው ጎማ ስታመጣልን ቀምሰነዋል። ባዳ ብንሆን ይሻለን ነበር።»

ይህች እህት የሹፌሩ ሚስት ናት። ሦስተኛው ድምፅ የእሷ ነው። ሁለቱ ወንድሞች አንድ ለአንድ ስለተፋጠጡ የሞተሩ ዕጣ፣ ከሞተሩም ጋር የባሏ ዕጣ፣ በእሷ አፍ ላይ ተንጠልጥሏል። እሷ ግን ባለፉት ሦስት ስብሰባዎች የተናገረችው «ትንሽ ላስብበት» የሚል ብቻ ነው። ቤት ሲገቡ ለባሏ ስትነግረው ነገሩ ግልጽ ነበር፦ «እኔ ሞተር ምን እንደሆነ አጥቼው አይደለም። ጋሼን ፊት ለፊት እምቢ ብዬ አላውቅም። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው፤ አሁንም ሲያዩኝ የቤት ሥራዬን ያልሠራሁ ይመስለኛል።»

«እኔን ገደል ውስጥ ስታገኚኝም ትንሽ ታስቢበታለሽ?» ብሎ ጠይቋት ነበር። 

«ባለሙያው ይናገር» አሉ ጋሼ።

ባለሙያው የጋራዡ ባለቤት ነው፤ ቅጽል ስሙ ጆሮው ይባላል። መኪና ሲመረምር ከካቻቢቴ በቀር ሌላ መሣሪያ አይነካም። ሞተሩ እየሠራ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ብረቱ ላይ ያሳርፋል፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ይደግናል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ እንደ ሐኪም ይናገራል። አሁንም ሞተሩ ተነሣ፤ ጋራዡ በሰማያዊ ጭስ ታፈነ፤ ጆሮው ካቻቢቴውን ደግኖ ትንሽ ቆየ።

«ልቡ ጤነኛ ነው» አለ በመጨረሻ። «የላይኛው ክዳን፣ ቴስታው፣ ይከፈት፣ አንዳንድ ነገር ይቀያየርለት፣ ሌላ አሥር ዓመት ያገለግላል።»

ይህንኑ ቃል አምናም ብሏል፤ ካቻምናም ብሏል። ሞተሩ በየአራት ወሩ ተመልሶ ይመጣለታል፣ ጆሮውም ከልቡ ይቀበለዋል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ቢሉ ነውር አይሆንም።

ሹፌሩ ግን ሌላም ነገር ታዝቦ ነበር። ጆሮው ከሰው ጋር ሲያወራ ሁልጊዜ ራሱን ዘወር አድርጎ ቀኝ ጆሮውን ነው የሚሰጠው። በግራው በኩል የጠራው ሰው ትከሻውን ካልነካው አይሰማውም። ካቻቢቴውን የሚደግነው ደግሞ ሁልጊዜ በግራ ጆሮው ላይ ነው። ሹፌሩ ይህን ሰባት ጊዜ አይቶ አረጋግጧል። ሰውዬው ሞተሩን የሚሰማው በማይሰማው ጆሮው ነው። ለሚናገረው ነገር መስማት አያስፈልገውማ።

እንዲህ ያለውን ነገር መታዘብ የሹፌሩ ተፈጥሮ ነው። በሸሚዙ ኪስ ውስጥ አንዲት ትንሽ ደብተር አለችው። ከካባው እስከ ሜዳው ቁልቁለቱ ሃያ ሦስት መታጠፊያ አለው። ሹፌሩ ሲወርድ ፍሬን የረገጠበትን ጊዜ ይቆጥራል፤ ታች ሲደርስ ከመኪናው ሳይወርድ ቁጥሩን በእርሳስ ይጽፋል። የዛሬ ሁለት ዓመት አሥራ አንድ ጊዜ ነበር። ባለፈው ሐሙስ ሠላሳ አራት ሆነ። ጤነኛ ሞተር ቁልቁለት ላይ መኪናውን ወደ ኋላ ይዞ ያስቀረዋል፤ ፍሬን ማገዝ ብቻ ነው ሥራው። ሞተሩ አቅም ሲያጣ ግን ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፣ ፍሬኑ ይግላል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ሐሙስ ዕለት አሥራ ዘጠነኛው መታጠፊያ ላይ የተቃጠለ ሽታ አፍንጫው ገብቶ ነበር። አራት መታጠፊያ ይቀረዋል። እነዚያን አራት መታጠፊያዎች ምን ብሎ እንዳለፋቸው ለሰው አይናገርም።

ደብተሯን በሦስተኛው ስብሰባ ላይ ሚስቱ ለጋሼ ሰጥታቸው ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ገለጡ፣ አገላብጠው አዩ።

«ይሄ በማን ፊት ተቆጠረ?»

«መኪናው ውስጥ እኔ ብቻዬን ነኝ ጋሼ» አለ ሹፌሩ።

«ምስክር የለም፣ ፊርማ የለም፣ ማኅተም የለም።» ደብተሯን መለሱለት። «እንግዲያው አልተቆጠረም ማለት ነው።»

በአራተኛው ስብሰባ ላይ ጋሼ ነገሩን ለመቋጨት ቆርጠው ነበር የመጡት። ውሳኔውን ቤታቸው ጽፈው፣ አስተካክለው፣ ለፊርማ ብቻ ቦታ ትተው አምጥተውታል። ጉሮሯቸውን ጠርገው አነበቡ፦

«ከዚህ በታች ስማችን የተጠቀሰው ወራሾች፣ የአባታችን ሞተር ምንጊዜም የሚጠገን እንጂ የማይቀየር መሆኑን፣ ይህም ውሳኔ ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ መሆኑን…»

«የልጅ ልጆቼም በዚህ ሞተር ይጨሱ ነው የሚሉት?» አለ ትንሹ።

«አትረብሽ! …መሆኑን በሙሉ ድምፅ ወስነናል።»

«እኔ እኮ አልተስማማሁም።»

«ሙሉ ድምፅ ማለት ጮክ ተብሎ ተነበበ ማለት ነው» አሉ ጋሼ፣ ሳቃቸውን ራሳቸው ጀምረው ራሳቸው ጨረሱ። ከዚያ ወደ እህታቸው ዞሩ። «አንቺስ?»

እሷ ባሏን አየችው። ባሏ የጎማውን ብሎኖች ይቆጥር ነበር፤ አሥር መሆናቸውን ከስድስት ዓመት በፊት ጀምሮ ያውቃል።

«ጋሼ ካሉማ…» አለች ድምፅዋ እየሳሳ።

«ጎሽ! አንዲት ነገር ብቻ ትቀረኛለች።» ጋሼ ከመዝገቡ መካከል የመኪናውን ሊብሬ አወጡ። «ሰነድ ያለ ቁጥር ሰነድ አይባልም። የሞተሩ ቁጥር ይግባበት። ከሞተሩም ጋር ይመሳከር። እስቲ አንተ ልጅ፣ አንብብልኝ።»

«ምን ያስፈልጋል?» አለ ጆሮው ቶሎ ብሎ። «ግራሶ ሸፍኖታል። ሊብሬው ላይ ያለውን ይጻፉት፣ ያው ነው።»

«ያለ ማመሳከር ሠላሳ ዓመት አንድ ካርድ ፈርሜ አላውቅም!»

ሹፌሩ የሽቦ ብሩሽና ናፍታ የነከረ ጨርቅ ይዞ ሞተሩ ሥር ተጋደመ። የግራሶው ቅርፊት ጣት ያህል ውፍረት ነበረው። ፈቀፈቀው፣ ጠረገው፣ ቁጥሩ ብቅ አለ። አነበበ። እንደገና ጠርጎ እንደገና አነበበ።

«በል እንጂ!»

«የሊብሬው መጨረሻ ስንት ነው ጋሼ?»

«ዜሮ ሰባ ሦስት።»

«የዚህ መጨረሻ አራት መቶ አሥራ ስምንት ነው።»

«ተሳስተሃል።»

ትንሹ ተጋድሞ አነበበ፤ አራት መቶ አሥራ ስምንት። የሹፌሩ ሚስት ቀሚሷን ሰብስባ ተንበርክካ አየች፤ ያው። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉና ከተቀመጡበት ሳይነሡ በሩቁ ወሰኑ። «እንግዲያው የተሳሳተው የፋብሪካው ሰው ነው።»

ሹፌሩ ግን ሞተሩን ትቶ ጆሮውን እያየው ነበር። ቁጥሩ ከተነሣ ወዲህ ጆሮው መኪናውን አንዴም አላየም። የሚያየው የጋሼን መቀመጫ ነው። ሰረቅ ያደርግና ይመለሳል። ሹፌሩ ስድስት ጊዜ ቆጠረ። በሰባተኛው እጁን በጨርቅ ጠረገና ተጠጋ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… እስቲ አንዴ ይነሡልኝ።»

«ለምን ሲባል?»

«መቀመጫውን ልይበት ብዬ ነው።»

«ስብሰባ ላይ ነን እኮ! አማች እንግዳ ነው ብዬ…»

«ጋሼ» አለች ሚስቱ። «ይነሡ።»

ጋሼ እህታቸውን አዩ። በዕድሜዋ ሙሉ እንዲህ ብላ አታውቅም። ለመቆጣት አፋቸውን ከፈቱ፤ እግራቸው ግን ቀድሟቸው ቆሞ ነበር።

ሹፌሩ ጆንያውን ገፈፈ፣ ሳንቃውን አነሣ። ከሥሩ የፒስተን ቤቶች በተርታ አፋቸውን ከፍተው ታዩ። ሞተር ነው። ቴስታውና ዙሪያው የተፈታ፣ ሆዱ ባዶ የሆነ አሮጌ ሞተር። በግድግዳው በኩል ጎኑ ላይ ጡጫ የሚያስገባ ቀዳዳ አለው፤ የቀዳዳው ከንፈር ወደ ውጭ ተቀዷል። ሹፌሩ ብሩሹን አነሣና ጎኑን ጠረገ። ረጅም ጊዜ አልፈጀበትም።

«ዜሮ ሰባ ሦስት» አለ።

ሹፌሩ ሳይወድ በግድ በልቡ አሰላው። አራት ስብሰባ፣ አንዱ ከሁለት ሰዓት በላይ። ጋሼ ዘጠኝ ሰዓት ያህል በአባታቸው ሞተር ላይ በቂጣቸው ተቀምጠው ስለ አባታቸው ሞተር ክብር ተናግረዋል።

«ጆሮው» አለ ትንሹ። «ይሄ ምንድን ነው?»

ጆሮው ካቻቢቴውን ከእጅ ወደ እጅ ሲያገላብጥ ቆየ። «ምያለሁ እኮ» አለ። «አባታችሁ አስምለውኛል። አሥራ አራት ዓመት ሆነው። ከካባው ሲወርዱ የፒስተኑ ክንድ፣ ቢዬላው፣ ተሰብሮ በጎኑ ወጣ። ይኸው ቀዳዳው። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ነው የጨረሱት። እዚህ ተጎትተው ሲገቡ እጃቸው መሪ እንደያዘ ሰው ተጨብጦ ቀርቶ ነበር፤ አልዘረጋ አላቸው። ‹ይቺን ቁልቁለት ሁለተኛ በፍሬን ብቻ አልወርዳትም፤ አሁኑኑ ቀይረው› አሉኝ። በማግስቱ ከሰዓት በፊት ተቀየረ።»

«ለምን አልነገሩንም?» አሉ ጋሼ። ድምፃቸው የዲሬክተር ድምፅ አልነበረም።

«ልናገረው?»

«ተናገር!»

«‹ለልጆቼ እንዳትነግር› አሉ። ‹ከነገርካቸው ስብሰባ ይጠራሉ። እነሱ እስኪወስኑ እኔ እሞታለሁ።›»

ትንሹ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ፣ አልሆነለትም።

«አንተስ?» አለ ሹፌሩ ወደ ጆሮው ዞሮ፣ በቀኙ በኩል። «እኔ እዚያው ቁልቁለት ላይ ስወርድ እያወቅክ ‹ልቡ ጤነኛ ነው› ትላለህ?»

«ሞተሩ ከተቀየረ የአሮጌው ቁጥር መነበቡ ይቀራል?» አለ ጆሮው መሬት እያየ። «መሐላ አለብኝ።»

«መሐላውስ ይሁን። በየአራት ወሩ የምትበላውስ?»

ጆሮው ይህን በግራ ጆሮው የሰማ መሰለ።

የሹፌሩ ሚስት የሞተሩ ቀዳዳ አጠገብ ተቀምጣለች። እጇን ወደ ቀዳዳው አስገባች፣ አወጣችው። ከዚያ ወደ ባሏ መጣችና ከሸሚዙ ኪስ ደብተሯን ራሷ አወጣች። የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች።

«ሠላሳ አራት» አለች። «እኔ ምስክር ነኝ። ልፈርምበት እችላለሁ። ይቀየር።»

«ይቀየር!» አለ ትንሹ ተፈንጥሮ ተነሥቶ። «ነገ ጠዋት ከመጋዘኔ…»

«ቁጭ በል። ከመጋዘንህ የሚወጣው ሌላ መካኒክ መጥቶ፣ በመለኪያ ለክቶ፣ ይሄ ይሁን ያለው ነው። በጆሮ የሚለካ አልፈልግም። በቤተሰብ ዋጋም አይሆንም፤ በባዳ ዋጋ።»

ሁሉም ወደ ጋሼ ዞረ። ጋሼ ቆመዋል። መቀመጥ ፈልገው ዙሪያቸውን ቃኙ፤ ከአባታቸው ሞተር በቀር ግራሶ የሌለበት መቀመጫ የለም። መዝገባቸውን ከፈቱ፣ ያነበቡትን ገጽ በጥንቃቄ ቀደው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ቀና አሉ፤ ደረታቸውም አብሮ ተመለሰ።

«እኔ ከመጀመሪያው ምን አልኩ?» አሉ። «የአባባን ፈለግ እንከተል አላልኩም? አባባ ምን አደረጉ? ቀየሩ። ስለዚህ እኛም እንቀይራለን። አቋሜ ያው ነው።» ወደ ሹፌሩ ጣታቸውን ቀሰሩ። «ጻፍ። በሙሉ ድምፅ።»

ሹፌሩ ጻፈ። አማች እንግዳ መሆኑን ማንም አላስታወሰም፤ በመጻፍ ጊዜ ቤተሰብ ነው።

በትንሹ መጋዘን ውስጥ ሌላ መካኒክ በመለኪያው ሁለት ቀን ሠራ። ጡት ካልጣሉት ከሰባቱ ሞተሮች ስድስቱ በስተርጅና የሚያቃስቱ ሆነው ተገኙ። ሰባተኛው ተመረጠ። ትንሹ ለአንድ ሳምንት ከማንም ጋር አልተነጋገረም፤ ያን ሳምንት ቤተሰቡ በሙሉ ዕረፍት አደረገ።

አዲሱ ሞተር በገባ በሦስተኛው ቀን ሹፌሩ ጠጠሩን ጭኖ ከካባው ወረደ። ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፣ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሣ። ሞተሩ ጎርነን ባለ ድምፅ መኪናውን ይዞ አስቀረው፤ አንገቱን እንደተያዘ በሬ ጎተት ጎተት እያለ መውረድ ጀመረ። አሥራ ዘጠነኛው መታጠፊያ ላይ መስኮቱን ከፍቶ አየሩን ሳበ። የሚሸተው አቧራ ብቻ ነበር። ታች ሜዳው ላይ ሲደርስ መኪናውን አቁሞ ደብተሯን አወጣና ጻፈ፦ ዘጠኝ። ከሥሩ ሚስቱ የምትፈርምበት መስመር አሰመረ።

ጋሼ የአባታቸው እውነተኛ ሞተር ወደ ቤታቸው ተወስዶ በክብር እንዲቀመጥ አዘው ነበር። አምስት ሰው ሊያነሣው ሞክሮ አልቻለም፣ እዚያው ቀረ። ከመኪናው የወረደው ሁለተኛውም አጠገቡ ተቀመጠ። ጆሮው በሁለቱም ላይ ሳንቃና ጆንያ አነጠፈባቸው፤ አሁን ጋራዡ ውስጥ ሁለት ሰው ግራሶ ሳይነካው መቀመጥ ይችላል።

ጋሼ ግን አይቀመጡም። የሁለቱ አሮጌ ሞተሮች ዕጣ ምን ይሁን በሚለው ላይ እስካሁን ሁለት ስብሰባ ጠርተዋል፤ ሁለቱንም ቆመው መርተዋል። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው አንዱም ከሩብ ሰዓት አላለፈም።